የሙሜ ለጋ ማሽላ

በእኛ ጊዜ ሰንጋ በእጅ ነበር የሚጎርሰው፤ አሁንም እኛ ዘንድ እንዲያው ነው። ማሽላው ጥቅጥቅ ተደርጎ ይዘራል፣ ሲበቅል ከመሃል ከመሃሉ ለጋው ይነቀላል፣ ያ ለሰንጋው ነው። እኔ ወሬ አላበዛም፣ ፊደልም አልቆጠርኩ። ይቺን ግን ስሙኝ፤ እስካሁን ታስደነግጠኛለች።

ታዲያ አምና ነው፣ እዚሁ ቦርደዴ። ዝናቡ ጠፋ፣ ማሽላው ቀጨጨ፣ ከዚያ ድንገት ጣለና ቡቃያው ለመለመ። እኔ ማሳ የለኝም፣ ያለኝ አንድ ሰንጋ ነው። ጎረቤቴ ሙሜ፣ ከልጅነት አብሮኝ ያደገ፣ በጠዋት አንድ ሸክም ለጋ ማሽላ ይዞልኝ መጣ። «ያ ኢብሮ፣ ሰንጋህ ተርቧል፣ እንካ» አለኝ። እና አጎረስኩት፣ እና ሸክሙ ሳይጋመስ ሰንጋው አረፋ ደፈቀ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ዱብ! ሞተ። እንዲህ ቆሜ፣ ማሽላው በእጄ እንዳለ! ያ ረቢ!

ታዲያ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «መርዝ ነው» አለ። አንዲት ሴትዮ ዓይኗን አጥብባ፣ «ማነው ያመጣው?» አለች።

«ሙሜ ነው» አለ ከመሃላቸው አንዱ።

«እንዴ! የሰው ሰንጋ ሲወፍር ዓይኑ ቀልቶ ነዋ!»

እኔ ዝም። ምላሴ ደርቆ ነው እንጂ ሙሜን ጠርጥሬ አይደለም፣ ወላሂ። እሱ ግን ዓይን ዓይኔን ያያል፤ «ተናገር እንጂ ኢብሮ! በላቸው እንጂ!» ይላል። ቃል ከየት ላምጣ?

ታዲያ ሙሜ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሮጦ ሄደና የገዛ ላሙን እየጎተተ መጣ፣ የልጅ ልጆቹ ወተት የሚጠጡባትን፣ ሌላ የሌለውን። የተረፈውን ማሽላ አነሣ። «መርዝ ከሆነ የኔም ትሙት!» ብሎ አጎረሳት። በላች! ስሙኝ፣ በላች!

ያን ጊዜ ልጄ ዘይነባ ጩኸቱን ሰምታ ከቤት ወጣች። ጭሮ ከተማ ኬሚስትሪ ታስተምራለች፣ ለእረፍት መጥታ ነው። «አባባ ሙሜ፣ ይተዉ! ይተዉ!» ብላ ከላሟ አፍ ነጠቀች። ላሟ ግን መንገዳገድ ጀመረች፣ ወደቀች። የከብት ሐኪሙ እዚሁ ሰፈር ክትባት ላይ ነበር፣ ተጠርቶ እየሮጠ መጣ፣ ማሽላውን አየና ደም ስሯ ላይ የማርከሻ መርፌ ወጋት። ተኝታ ቆየች፣ ቆየችና ተነሣች። አልሃምዱሊላህ።

«መርዙን ማን አደረገው?» አሏት ዘይነባን።

«ማንም። ማሽላው ራሱ ነው የሚሠራው።»

እንዴ! ድንጋጤ በድንጋጤ! እና ዘይነባ እጆቿን አያያዘች፤ «ካርቦንና ኦክስጅን የሚባሉ እንዲህ በሁለት እጅ ይያያዛሉ። ኦክስጅን የጋራ ኤሌክትሮናቸውን ወደ ራሱ ይስባል፣ ካርቦን ይጎድልበታል። ሳያናይድ የሚባለው መርዝ ያን ጉድለት አግኝቶ ካርቦን ላይ ይለጠፋል፣ ኦክስጅንም አንድ እጁን ይለቃል። ማሽላው በተለቀቀው እጅ ላይ ስኳር ይደርብበትና መርዙ ታስሮ ይቀመጣል። ከብት ሲያኝከው ስኳሩ ይወልቃል፤ ኦክስጅን በሁለት እጁ መልሶ ይይዛል፣ መርዙ ይለቀቃል።»

«ስኳር?» አልኩ። «ስኳር መርዝ ይዞ ይተኛል?»

«አዎ አባዬ። ዝናብ ያጣ ለጋ ደግሞ መርዙን ያበዛዋል።»

ታዲያ ሙሜ መሬት ላይ ዘፍ አለ። ጭንቅላቱን ይዞ፣ «እና ሰንጋህን የገደልኩት እኔው ነኛ!» አለ።

ያኔ ነው ቃል የመጣልኝ። «ሙሜ፣ ዝናቡን ያስቀረኸው አንተ ነህ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፣ አየኝና፤ «ይቺን ቅድም ብትተነፍሳት ምን ነበረበት፣ አንተ ዲዳ! ላሜን ልታስፈጀኝ!»

ሃ ሃ ሃ! እውነቱን እኮ ነው።