የወይዘሮ በለጥሽ ወታደር ይንበረከካል

ከማለዳ እስከዚህች ሰዓት በጠበቀን፣ ሽበትንም ለድካም ብቻ ሳይሆን ለምስክርነት በሰጠን በእግዚአብሔር ስም ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ምሥጋና፣ ውድ ባልደረቦቼ፣ ከሁሉም በላይ የዕለቱ ባለቤት ወይዘሮ በለጥሽ፤

ንግግር እንዳደርግ ስታዘዝ አንዲት ማሳሰቢያ ታክላልኛለች። «የኔታ ወልደየሱስ፣ አመስግነው ይቀመጡ፤ የወታደሩን ነገር ግን እንዳያነሡብን» ተብያለሁ። ሰምቻለሁ። አልታዘዝም። ይሁንና ወግ አለና ከመጀመሪያው ቀን ልነሣ።

ወይዘሮ በለጥሽ እዚህ ሲቀላ ሰፈር፣ ከባጃጅ መለዋወጫ ሱቁ ፎቅ ላይ ወዳለው ወደዚህ የዲጂታል ሥዕል ቤታችን የመጡ ዕለት፣ ከትከሻቸው ላይ ረጅም ጥቁር ቱቦ አንግተው ነበር። ዕድሜያቸውን የሕንፃ ንድፍ ሲነድፉ የኖሩ ናቸውና ንድፋቸውን ይዘው መምጣታቸው ነው። ጥበቃችን ሲሳይ ግን ይህን ከየት ይወቅ? በሩ ላይ ገተራቸው።

«እናቴ፣ ይቅርታ፤ ይሄ የተሸከሙት ምንድን ነው?»

«ቤት ነው።»

«ቤት?»

«አዎ፣ ባለ ሦስት መኝታ። ግባና ፈትሸው፤ ጫማህን ግን አውልቅ።»

ይኸው ሲሳይ አሁን ጥግ ላይ ሆኖ ይስቃል። ሳቅ፣ ሳቅ፤ ያን ቀን ግን አልሳቅህም።

ከዚያ ከወጣት ሠዓሊዎቻችን አንዱ፣ አሮን፣ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጣቸው። ወዲያ ቢያዩ ወዲህ ቢያዩ ወረቀት የለም። «እትዬ፣ እዚህ ሁሉም ነገር እስክሪኑ ውስጥ ነው» አላቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እሺ፤ ታዲያ ሲቆሽሽ በምን ይጠረጋል?» ብለው ጠየቁ። እነሆ፣ ስለ ንጽሕና እንዲያ የተጨነቁት ሴት ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመናቸውን በሙሉ ንጹሑን ነገር ሲያቆሽሹ ኖሩ! ልጆቹ ቴክስቸር የሚሉትን፣ ማለትም በኮምፒውተር የተቀረጸን አካል፣ የሞዴሉን ገጽታ፣ ቀለሙን፣ ጭረቱን፣ አቧራውን፣ እርሳቸው «ማልበስ» ይሉታል፤ የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ናቸውና። «አካሉ አልቋል፤ ዕርቃኑን ግን አትልቀቁት» ይሉናል።

ለማልበሻው የሚሆን ፎቶ ፍለጋ በሲቀላ ያላሳደዱት ባጃጅ የለም። አንድ ቀን ከታች ጩኸት ሰምተን በመስኮት ብናይ፣ ሾፌሩ ባልዲ ይዟል፣ እርሳቸው ደግሞ በባልዲውና በባጃጁ መሀል ቆመዋል።

«አትጠበው! ጭቃውን ገና አላነሣሁትም!»

«እትዬ፣ ለሰርግ ታዝዤ ነው!»

«ሙሽራዋ ትጠብቅ። እንዲህ ያለ ጭቃ በየቀኑ አይገኝም።»

ማሽኑ ምስሉን አብስሎ እስኪያወጣ ደግሞ የጫኖ ሙዝ መብላታቸውን ሁላችን እናውቃለን። ልጣጩ የሚገኘው ግን ሁልጊዜ አጠገባቸው በምትሠራው በቤቲ ኪቦርድ ላይ ነው። ስትጠየቅም፣ «እኔ ሙዝ አልወድም» ትላለች ምስኪን፤ ማንም አያምናትም።

አሁን ወደተከለከልሁት ልግባ።

ባለፈው ዓመት አንድ የአዲስ አበባ የኮምፒውተር ጨዋታ አዘጋጅ፣ ሰው መሰል ወታደር ሮቦት እንድንሠራለት አዘዘን። አካሉን መንደፍና ማልበስ የወይዘሮ በለጥሽ፣ የሚናገረውን ቃል መጻፍ የእኔ ድርሻ ሆነ። የድርጅቱ ወኪል አቶ ይበልጣል በስልክ፣ ሁላችን እየሰማን፣ ትእዛዙን ሲያብራራ እንዲህ አለ፤ «ጉልበቱ ለመሮጥ ያህል ብቻ ይታጠፍ፤ መሬት እንዳይነካ በብረት ዝጉት። የማይንበረከክ ወታደር ነው የምንፈልገው።»

ወይዘሮ በለጥሽ ሙዛቸውን አስቀመጡ።

«አቶ ይበልጣል፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መሀል ቢገቡበትስ?»

«የምን ሣር?»

እናንተ የዚህ አገር ልጆች ናችሁ፤ እኔ ነኝ ከሰሜን መጥቼ የተማርሁት። በጋሞ ሁለት ወገን ለጠብ ሲነሣ፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመሀል ይንበረከካሉ። ያንን ሣር አልፎ መሄድ ጎሜ ነው፤ ከነውርም ያለፈ፣ በዘር ላይ የሚተርፍ በደል። ድንጋይ የጨበጠ ጎረምሳ በዚያ ሣር ፊት ጣቶቹ ሲፈቱ፣ ከዚያም እርሱ ራሱ ሲንበረከክ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህንን ሲነግሩት አቶ ይበልጣል ሳቀ። «ጨዋታ እኮ ነው፣ እትዬ!»

«ጨዋታ መሆኑማ ነው የከነከነኝ» አሉት። «የሚጫወቱት ልጆች ናቸው። ሽማግሌ ሲንበረከክለት አጸፋውን መመለስ የማይችል እግር የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርገጥ።»

ስልኩ ተዘጋ፤ የወታደሩ ጉልበት ግን አልተዘጋም። ወይዘሮ በለጥሽ አዞ እርባታው ድረስ ወርደው፣ የአዞን ጀርባ ሲያጠኑ ውለው መጡ። «ይህን ሁሉ ጋሻ ተሸክሞ አዞ ይተጣጠፋል፤ ሰው የሠራው ለምን ይገተራል?» አሉ። የጉልበቱንም ብረት እንደ አዞ ቆዳ እየደራረቡ ሠሩት፤ ሲቆም ጋሻ ነው፣ ሲንበረከክ ይከፈታል። ማልበሱ ሲደርስም እኔ ዘንድ መጥተው፣ «የኔታ፣ በሰሙነ ሕማማት ሲሰግዱ ሱሪዎ የሚሳሳው የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብሎ ነው። ዛሬ ያንን ወታደር አቅርባችሁ ብታዩት፣ ቀለሙ የተላጠው በዚያችው ቦታ ነው። እርሳቸው ፕሮቴስታንት፣ እኔ የማኅሌት ሰው ነኝ፤ በጾሙ፣ በዜማው፣ በብዙው ተከራክረናል። በዚህ ግን ያለ ክርክር ተግባባን፤ መንበርከክ የማያውቅ ፍጥረት ለሌላው አደጋ ነው።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ደረሰ፤ ደንበኛው ሞዴሉን «በትእዛዙ መሠረት» ሰኞ እፈልጋለሁ ብሏል። እርሳቸው ዛሬ ይወጣሉ፤ ሰኞ የሉም። ስለዚህ «ሌላ ሰው ይዝጋው» ተባለ። ትናንት አሮን ተጠየቀ። መልሱን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ «እትዬ በለጥሽ ያስተማሩኝ እንዲታጠፍ አድርጎ መሥራት ነው። እንዳይታጠፍ አላስተማሩኝም።» ቤቲ ተጠየቀች። «መጀመሪያ የእኔን ጉልበት በብረት ዝጉት፤ በዚያ ደረጃ መውጣት ከቻልሁ የእርሱንም እዘጋለሁ» አለች።

ልጄ ምሥጋና፣ አንተን ክፉ ነህ አላልሁም። ደንበኛ እንዳይሸሽብን መስጋትህን አውቃለሁ፤ የሥራ አስኪያጅ ወጉ ነው። እኔን ግን ገና አልጠየቅኸኝምና ሳትጠይቀኝ ልመልስ። ለዚያ ወታደር ቃል የምጽፈው እኔ ነኝ። ጉልበቱ የተዘጋ ዕለት አፉም ይዘጋል። አንዲት ፊደል አልጽፍለትም። ሽማግሌ ነው፣ ይረሳል፣ ነገ ይለዝባል እንዳትል፤ እኔ አንድ ጊዜ ጡረታ ወጥቼ በኮንትራት የተመለስሁ ሰው ነኝ፤ ሁለተኛ መውጣት አያስፈራኝም።

እኅቴ በለጥሽ፣ እስካሁን በወጉ «እርስዎ» አልሁሽ፤ አሁን አንቺ ልበልሽ። ሥራሽ ጥበብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እናደንቅሽ ነበር፤ አንቺ ግን ሥራሽ ማንን እንደሚጎዳ ጠየቅሽ፤ ስለዚህ እናከብርሻለን። በእነዚህ ልጆች እጅ ላይ የተውሽው ሙያ ብቻ አይደለም፤ «አይሆንም» ማለትንም ነው፤ ሳይሳደቡ፣ ድምፅ ሳያነሡ፣ ሥራውን አሳምሮ በመሥራት። ስለዚህ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን።

በሉ፣ ብርጭቆ ይያዝ። ጠጁ ለጠጪዎች፤ የማንጎ ጭማቂው ለበለጥሽና ለእኔ ነው፣ እርሷ በእምነቷ፣ እኔ በጨጓራዬ። ተነሡ! ሰኞ ያንን ጉልበት የማይነካ፣ ሌላም ሰው እንዲነካው የማያዝ፣ ብርጭቆውን ከፍ ያድርግ።

አሮን፤ ቤቲ፤ ሲሳይ። ተመስገን። አንድ ብርጭቆ ገና ጠረጴዛ ላይ አያለሁ። ግድ የለም፤ እንጠብቀዋለን። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ማኅሌት ላደረ ሰው ይህ መቆም አይባልም።

... እሰይ። ከፍ አድርገው፣ ልጄ ምሥጋና፤ እርሷም ትየው። አቶ ይበልጣልን ሰኞ አንተ ትደውልለታለህ፤ እኔም አጠገብህ እቀመጣለሁ።

ለወይዘሮ በለጥሽ! ጡረታሽን የዕረፍት፣ ዕረፍትሽን የጤና ያድርግልሽ። የልጅ ልጆችሽ ከጠብ የሚመለሱ፣ ለእርቅ የሚቀድሙ ይሁኑ። እናንተንም፣ ይህን ቃል የሰማችሁ ሁሉ፣ ቤታችሁን ከክፉ ይጠብቅ፤ በደጃችሁ የሚቆም ሽማግሌ፣ ሽማግሌውንም የሚሰማ ልጅ አያሳጣችሁ። አሜን በሉ።