ፈረሴ ዳማ ነበር

ከደምበጫ ወደ ማርቆስ በምንሄድበት ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ጎልማሳ ሴት ተቀምጠዋል።

«ሥራሽ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ለቅሶ ቤት እየሄድኩ ሙሾ አወርዳለሁ፣ አባባ።»

«ትወጂዋለሽ?»

«በጣም! የሚያናድደኝ ቤተሰቡ ነው። ስለ ሟቹ ስጠይቃቸው ‹ደግ ነበር› ብለው ዝም። በደግነት ብቻ ይኼን ሁሉ ሰው እንዴት አድርጌ ላስለቅሰው?»

«እሱስ እውነትሽን ነው።»

«ስለዚህ ሰውየውን ራሱን በቁሙ መጠየቅ ጀመርኩ። እርስዎ ፈረስ ነበረዎት?»

«እኔ አልሞትኩም እኮ!»

«ዕድሜ ይስጥዎ! ለማንኛውም ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ተቆጥተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ትንሽ ቆይተው ግን፣

«ፈረሴ ዳማ ነበር» አሉ።

«ዳማ። እሺ፣ ሌላስ?»

«ቁመቴን ትንሽ ጨምሪበት።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞር ስትል፣ የተኛሁ ለመምሰል ዓይኔን ልጨፍን አልኩና ተውኩት።