የቶሎሳ መከላከያ

ኑ ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ የመቱ ክረምት እንደሆነ ዛሬም አያባራ። እንዲህ ሲዘንብ ነው ልጄ ቶሎሳ የደወለልኝ። በረዶ አገር ሄዶ ከመርከብ ዓሣ ያራግፍ ነበር፤ ጉንፋን አንዴ ከያዘው አይለቀውም። «ሃርሜ፣ እናቴ፣ ሐኪሙ መከላከያህ ደክሟል አለኝ» እንዳለኝ ስልኩ ተቋረጠ። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩት መከላከያ ሲባል የማውቀው ወታደሩን ነው። ልጄ በሰው አገር ዘመተ ብዬ እሪ አልኩ! ጎረቤቴ ነርሷ ጫልቱ በዝናቡ ሮጣ መጣች። «እትዬ ብርቄ፣ ማን ሞተ?» «ቶሎሳ ዘምቷል! ጦሩም ደክሟል አሉ!» ነገሩ ሲገባት በሳቅ ፈረሰች።

«ምን ያስገለፍጥሻል አንቺ?» ብዬ ተቆጣኋት። «ጦሩስ እውነት ነው፣ ግን ሰውነቱ ውስጥ ነው ያለው። በሽታ ሲገባ ይዋጋለታል። ሰው በዚያ ብርድ ሲለፋ ከርሞ፣ ፀሐይ አጥቶ፣ እንቅልፍም ሲያንሰው ጦሩ ይደክማል» አለችኝ። «ታዲያ ይተርፍልኛል?» «ካረፈና ከሞቀው ይበረታል።» ወዲያው አስደወልኳትና «ልጄ፣ ጦርህን አሳርፈው! ሙቀት ያለበት ሥራ ፈልግ» አልኩት። እሱም ሳቀ፤ ሳቁን ግን ሳል አቋረጠው።

ሰማኝ፣ ተመስገን። አሁን ለመርከበኞቹ ወጥ ይሠራል፣ ሳሉም ለቆታል። ጫልቱ ወደ ሁሩሙ ከተማ ተዛውራ እዚያው አግብታለች፤ ስሟን ጠርቼ ሳልመርቃት አላድርም። እኔም ይኸው ደህና ነኝ።