የጋሼ ኩማ ላንቃ

በ፲፱፻፸፪ ዓ.ም. ጳጉሜን ሁለት ቀን፣ አዋሳ ፒያሳ ላይ ከልብስ ሰፊው ከጋሼ ኩማ ጋር ድንገት ተገናኘን።

«መምህር፣ ካኪዎ ደርሷል፤ ይውሰዱት» አሉኝ።

ክው አልኩ። ጋሼ ኩማ እጃቸው የተባረከ፣ ቀጠሯቸው ግን የተረገመ ሰው ናቸው። «ነገ ይምጡ» ሳይሉ ልብስ ያስረከቡትን ደንበኛ እኔ አላውቅም። ያውም እንቁጣጣሽና የአብዮት በዓል ሰልፍ በተደራረቡበት ሳምንት!

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?»

ግራ ቀኙን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ላንቃዬ ላይ እብጠት አለ። እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ነቀርሳ ነው። የሰው ልብስ ይዤ እንዳልሞት ያለ እረፍት ስሰፋ ሰነበትኩ።»

«ማን ነቀርሳ ነው አለዎት?»

«ማንም። ምላሴ ነገረችኝ። አሁን አዲስ ከተማ ሰፈር፣ እብጠት በጋለ ብረት የሚተኩስ ሰው ጋ መሄዴ ነው።»

«ለምን መጀመሪያ ለሐኪም አያሳዩም?»

«ይተዉ መምህር! ሐኪም ስሙን ከጠራው አለቀ። ጎረቤቴ ሆስፒታል በገባ በሳምንቱ ቀበርነው።»

«ከመግባቱ በፊት ምን ያህል ጊዜ ታመመ?»

«ሁለት ዓመት ደብቆት ኖሯል።»

«ታዲያ የገደለው ሐኪሙ ነው ወይስ ሁለቱ ዓመት? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። ግን ልጄ ታቢታ እናት የላትም። ክፉ ነገር ብሰማ ፊቴ ላይ ታነብብኛለች። ትናንት እንኳ የስፌት መኪናውን ሳስተምራት ለምን እንደቸኮልኩ ጠየቀችኝ።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ለሱሪያችን ቁመት ሦስት ሰው እያማከርን፣ ለገዛ ሰውነታችን ሲሆን ፍርሃታችንን ብቻ ማማከራችን ያሳዝናል።

«ጋሼ፣ ጨርቅ ሳይለኩ ይቆርጣሉ?»

«እብድ ነኝ እንዴ!»

«ላንቃዎንስ ሳያስመረምሩ ሊያስተኩሱት ነው?»

በመጨረሻ «እሺ፣ ታቢታን ግን እንጥራት፤ ብቻዬን አልችልም» አሉ።

ታቢታን ጠርተን ሦስታችንም ሆስፒታል ሄድን። የጥርስ ሐኪሙ እብጠቱን በጣቱ ጫን ጫን አደረገው። «ያምዎታል?»

«አያምም።»

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ወደ ልጅቷ ዞረ። «እስቲ አንቺም አፍሽን ክፈቺ።» አየና ጋሼ ኩማን ጠራቸው። በታቢታ ላንቃ መሐል ያው ጉብታ፣ አነስ ብሎ ተቀምጧል።

«አጥንት ነው» አላቸው፤ «አብሮዎት የኖረ፣ ጉዳት የሌለው። ምላስዎ ገና አሁን አገኘው እንጂ። ልጅዎም ከእርስዎ ወርሳዋለች። ቢቆስል ወይም ቢያድግ ይመለሱ፤ ብረት ግን አያስጠጉት!»

ጋሼ ኩማ ልጃቸውን አቅፈው እያለቀሱ ሳቁ። «ተመስገን ጌታዬ! ልሰናበታት ነበር እኮ፤ ለካ ያወረስኳት ነው!»

ከዚያ ወዲህ ሱቃቸው የገባ ሰው ሁሉ ምክራቸውን ሳይሰማ አይወጣም። የአንገቷን እብጠት በነጠላ ሸፍና ስትኖር የነበረችውን ጎረቤታቸውን ሽታዬን ራሳቸው ሐኪም ዘንድ ወሰዷት፤ በጊዜ በመምጣቷም በመድኃኒት ዳነች። አንድ ሰው ፍርሃቱን ሲያሸንፍ ጥቅሙ ለሰፈር ይተርፋል።

እኔም በዚያው መስከረም ለመስቀል ሸሚዝ አዝዤ በቀጠሮዬ ቀን ሄድኩ። ጨርቄ እንደታጠፈ ነው።

«ነገ ይምጡ» አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን «ነገ ይምጡ» መባል ደስ ብሎኝ አያውቅም።