የወንድሜ ልጅ ሬዲዮ አይደለችም

እናንተዬ፣ ለቅሶ ደራሽ ሊያሳብደኝ ነው! ወንድሜ በጦርነቱ ጊዜ ደጃፉ ላይ ተመትቶ ሲሞት ያየችው የስምንት ዓመት ልጁ ሰላም ናት። አሁን መርሳ ከተማ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። የመጣው ሁሉ «እስቲ የኔ እናት፣ እንዴት ሆነ?» ይላታል። እሷም የቀሚሷን ጫፍ እየጠቀለለች ትናገራለች፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ እህል አትቀምስም። ባለፈው እማማ ዘውዴ ከውርጌሳ መጥተው ያንኑ ሲጠይቋት ደሜ ፈላ።

«ልጅቷ ሬዲዮ ናት እንዴ? እህቱ እኔ ነኝ፣ እኔን ይጠይቁኝ!»

«እሺ፣ አንቺ ንገሪኛ!» አሉ ተቆጥተው።

አፌን ከፈትኩ። ይኼ ገበያ የሚያናውጥ አፍ አንዲት ቃል አላወጣ አለኝ! ለካ እስከዛሬ ልጅቷ ስትናገር ዝም ያልኩት እኔ ስለማልችል ኖሯል። በራሴ በገንኩ።

እማማ ዘውዴ እጄን ያዙኝ። «ተይው በቃ። ወንድምሽ እኮ ከወልድያ ስመለስ በሚኒባሱ ሳይጭነኝ አያልፍም ነበር። አንዴማ በጌን ጋቢና አስቀምጦ፣ ከረባት ያሰረውን ሰውዬ ወደ ኋላ ሰደደው!»

ሰላም ተጠጋቻቸው። «እማማ፣ የበጉን ይድገሙልኝ።»

ሦስቴ አስደገመቻቸው። በሦስተኛው በጎቹ ሁለት ሆነው ነበር፤ እኔም አላረምኳቸው።