ለድንኳን የተነቀለው ድጋፍ

ኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ሳስተምር ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን ደሜ ፈልቶ አያውቅም። ሸዋ ቤንች አጠገብ ትምህርት ቤት የሚያሠራው መሐንዲስ የድሮ ተማሪዬ ነው። ልጎበኘው ሄጄ፣ ሰሞኑን ኮንክሪት የተሞላው የፎቅ ወለል (ሶሌታ) ስር ብገባ፣ ደግፈው የሚይዙት የባሕር ዛፍ አጣናዎች የሉም! ሠራተኞቹ ደግሞ እዚያው ስር ዝናብ ተጠልለዋል።

"ድጋፉ የት ሄደ?" አልኩት።

"ለድንኳን ተፈልጎ ነው፣ መምህር። ነገ ባለሥልጣናት ይመጡብናል።"

"ታዲያ ድንኳን ምን ያደርጋል? እዚሁ ሶሌታው ስር አስቀምጣቸዋ!"

ደነገጠ። "ኧረ መምህር! ገና አልጠነከረም እኮ፤ ቢደረመስባቸውስ?"

ሠራተኞቹ ይህን ሲሰሙ እየተጋፉ ወደ ዝናቡ ወጡ።

አላውቅም ቢለኝ ኖሮ ቁጭ አድርጌ አስተምረው ነበር። እያወቀ ያደረገውን ሰው ምን ብዬ ላስተምረው?