ሁለተኛ የሚለምነኝ ጠፋ

ከሳሪስ አቦ ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ተቀምጠዋል። አንደኛዋ የተጠቀለለ የምርጫ ፖስተር ታቅፋለች።

«የፓርቲያችሁ ዕጩ አንቺ የምትሆኚ መስሎኝ ነበር» አለቻት ጓደኛዋ።

«እኔም መስሎኝ ነበር።»

«ማን ተመረጠ ታዲያ?»

«ሰብለ። ፓርቲው ውስጥ ያስገባኋት እኔ። ፎርሙን እንኳን የሞላሁላት እኔ ነኝ።»

«አንቺን የጠቆመ ጠፋ?»

«መጀመሪያ የተጠቆምኩትማ እኔ ነኝ።»

«እና?»

«ተነሳሁና፣ ከእኔ የተሻለ ሰው አለ አልኩ።»

«ምን ነካሽ?»

«ወግ ነዋ። ሰው ሲጠቆም ወዲያው እሺ ይላል? ደግመው ይለምኑኛል ብዬ እኮ ነው። ሰብሳቢው እናመሰግናለን ብሎ ስሜን ሰረዘው።»

«ሰብለስ?»

«እሷማ ገና ስሟ ሲጠራ ብድግ ብላ ደስ ይለኛል አለች። ምናለ አንዴ እንኳን እምቢ ብትል?»

ጓደኛዋ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«ያን ሁሉ ዓመት የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እየወጣሁ በር ያንኳኳሁት እኔ። ያመጣኋቸው አባላት ሁሉ ለእሷ እጃቸውን አወጡ።»

«አንቺስ?»

«አወጣኋ። ሰው እያየኝ ምን ላድርግ?»

«ይሄን ፖስተር ታዲያ ምን ልታደርጊው ነው?»

«እለጥፈዋለሁ። ለእሷ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ ያመንኩበት ፓርቲ ነው።»

«ፎቶዋ አለበት እኮ።»

«አውቃለሁ። ዝቅ አድርጌ ነው የምለጥፈው።»

መውረጃዬ ሲያልፈኝ እያየሁ እኔም ረዳቱ እስኪጠይቀኝ ስጠብቅ «ወራጅ አለ» ሳልል ቀረሁ።